ሕመም ሲቆም የማያበቃው ጉዳት፦ በስፖርት ጉዳቶች አያያዝ ላይ የቀረበ ሂስ

በስፖርት ሜዳ ላይ የሚደርስ ጉዳት በጤና ተቋማት ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ ከቀላሎቹ የሚመደብ ነው። ተጎጂው ወጣት ነው፤ ሌላ በሽታ የለበትም፤ በጓደኞቹ ትከሻ ላይ ተደግፎ እያነከሰ ይመጣል። በተመላላሽ ክፍል ወረፋ ከሚጠብቁት ሕሙማን ጋር ሲነጻጸር የሱ ችግር የሚያጣድፍ አይመስልም። ስለሆነም ራጅ ይታዘዝለታል፤ ስብራት ካልተገኘበት የዲክሎፌናክ መርፌ ይወጋል፤ ፋሻ ይጠቀለልለታል፤ «እረፍት አድርግ» ተብሎም ይሸኛል። ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ሕመሙ ይቀንስለትና ወደ ሜዳ ይመለሳል። ብዙም ሳይቆይ ያው ቁርጭምጭሚት እንደገና ይታጠፋል።

ይህ ጽሑፍ የሚተቸው ይህንኑ የተለመደ አካሄድ ነው። ትችቱ የጤና ባለሙያው ቸልተኛ ነው የሚል አይደለም። ከላይ የተዘረዘረው እያንዳንዱ እርምጃ ለብቻው ሲታይ የራሱ ምክንያት አለው። ጉድለቱ ሁሉም እርምጃዎች ወደ አንድ ግብ ብቻ ማለትም ሕመምን ወደ ማስቆም ማነጣጠራቸው ነው። ሕመሙ ሲቆም ሕክምናው እንዳበቃ ይቆጠራል። የስፖርት ጉዳት ግን የሚያበቃው የተጎዳው አካል የቀድሞ ሥራውን መልሶ መሥራት ሲችል ነው። ሕመሙ ከቆመበት ቀን አንስቶ አካሉ ሥራውን መልሶ መሥራት እስከሚችልበት ቀን ድረስ ያለው ጊዜ ዛሬ ባለቤት የለውም። በስፖርተኛ ላይ ለሚደርስ አዲስ ጉዳት ከሚታወቁት አጋላጭ ሁኔታዎች መካከል ቀደም ሲል የደረሰና በሚገባ ያልዳነ ጉዳት በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀሰውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የጉዳቶቹ ዓይነት

የስፖርት ጉዳቶች በጥቅሉ በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ በአንድ ቅጽበት የሚደርሱ ናቸው። አጥንትን ከአጥንት የሚያገናኘው ጅማት፣ ሊጋመንት፣ ከመጠን በላይ ሲለጠጥ ወይም ሲበጠስ ወለምታ ይባላል። ከእነዚህ ሁሉ በብዛት የሚታየው እግር ወደ ውስጥ ሲታጠፍ በቁርጭምጭሚት ውጫዊ ጎን ላይ የሚደርሰው ነው። በፍጥነት ሩጫ ወቅት የጭን የኋላ ጡንቻ መሰንጠቅ፣ በዝላይና በድንገተኛ መዞር ወቅት የጉልበት የፊት መስቀለኛ ጅማት መበጠስ፣ የትከሻ ውልቃትና የእጅ አንጓ ስብራትም በዚሁ ምድብ ይገኛሉ።

ሁለተኛዎቹ ቀስ በቀስ በተደጋጋሚ ጫና የሚመጡ ናቸው። የረጅም ርቀት ሯጮች የቅልጥም ሕመም፣ የአኪሊስ ጅማት መታወክ፣ የጉልበት ፊት ለፊት ሕመምና ስትረስ ፍራክቸር የሚባለው የአጥንት ስንጥቅ ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ። በእነዚህ ላይ የመውደቅ ወይም የመመታት ታሪክ ስለማይገኝ ተጎጂው ወደ ሕክምና የሚመጣው ዘግይቶ ነው። ባለሙያውም «ምን መታህ?» ብሎ ጠይቆ መልስ ሲያጣ ጉዳቱን ሊያቃልለው ይችላል። ሊጠየቅ የሚገባው ግን «ባለፉት ሳምንታት በልምምድህ ላይ ምን ተለወጠ?» የሚል ነው። የርቀት በድንገት መጨመር፣ ከአፈር ወደ አስፋልት መሸጋገር፣ ያረጀ ጫማ፣ ከሕመም በኋላ ቸኩሎ ወደ ሙሉ ልምምድ መመለስ፣ በአብዛኛው የምክንያቱ መገኛ እዚህ ነው።

ከወጌሻው ዘንድ

በኢትዮጵያ ወጌሻ የሚለው ስም ሁለት ሰዎችን ያመለክታል። አንዱ በየመንደሩ የተሰበረ አጥንት የሚያሰናዳው የባህል ሐኪም ነው። ሌላው በእግር ኳስ ቡድን ውስጥ ቦርሳውን ይዞ ወደ ሜዳ የሚሮጠው የቡድኑ ባለሙያ ነው። ሁለቱ በአንድ ስም መጠራታቸው የሚያሳየው አንድ እውነት አለ። ሕዝቡ ለእንዲህ ያለው ጉዳት መፍትሔ የሚጠብቀው ከእጅ ነው፤ በእጅ የሚዳስስ፣ የሚያሽ፣ ደጋግሞ የሚያይ ሰው ይፈልጋል።

በባህላዊው ወጌሻ እጅ የሚደርሰው ጉዳት በጤና ባለሙያዎች ዘንድ በሚገባ ይታወቃል። በቀርከሃ ወይም በእንጨት አጥብቆ የታሰረ ክንድ የደም ዝውውሩ ተቋርጦ ወደ ጋንግሪን ሲለወጥና ልጁ እጁን ሲያጣ በአገሪቱ የአጥንት ሕክምና ክፍሎች በተደጋጋሚ ታይቷል። አዲስ የተጎዳ ጡንቻን በቅቤ ወይም በሚያቃጥል ቅባት አጥብቆ ማሸትም የደም መፍሰሱን ያባብሳል፤ በተመታ የጭን ጡንቻ ላይ ሲሆን ደግሞ በጡንቻው ውስጥ አጥንት መሰል ነገር እንዲፈጠር ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት መታሸት፣ በሙቅ ነገር መታጠን፣ አልኮልና ሩጫ የተከለከሉ መሆናቸውን ለተጎጂው በግልጽ መንገር ያስፈልጋል።

ይሁን እንጂ ወጌሻውን ማውገዝ ብቻውን ለውጥ አያመጣም። ተጎጂው ከጤና ጣቢያው ወጥቶ ወደ ወጌሻው የሚሄደው በአላዋቂነት ብቻ አይደለም። ጤና ጣቢያው አንድ ጊዜ አይቶ ሲሸኘው ወጌሻው «በሦስተኛው ቀን ተመለስ» ይለዋል። ጤና ጣቢያው ፊልሙን ሲመለከት ወጌሻው እግሩን ይነካል። ዘመናዊው ሕክምና ከወጌሻው ሊወስደው የሚገባው ነገር ቢኖር ይህንኑ የቀጠሮና የዳሰሳ ልማድ ነው።

የአራቱ ቃላት ታሪክ

በመማሪያ መጻሕፍትና በጤና ተቋማት ግድግዳ ላይ ለረጅም ዘመን የኖረው መመሪያ በእንግሊዝኛ አህጽሮቱ ‹ራይስ› የተባለው ነው፤ ይኸውም እረፍት፣ በረዶ፣ በፋሻ መጠቅለልና ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። አህጽሮቱን እ.ኤ.አ. በ1978 በመጽሐፉ ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ሐኪም ጌብ ሚርኪን ነበር። ይኸው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2014 ሐሳቡን አሻሽሎ፣ በረዶና ሙሉ እረፍት የመዳንን ሂደት ሊያዘገዩ እንደሚችሉ በይፋ ጽፏል። ከዚያም በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ‹እረፍት› የሚለው ቃል ተነሥቶ በምትኩ ‹መጠበቅ› እና ‹ተስማሚ ጫና› እንዲገቡ የሚጠይቅ ሐሳብ በስፖርት ሕክምና መጽሔት ላይ ቀርቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው አዲስ መመሪያ ደግሞ በረዶን ከዝርዝሩ አውጥቶ የተጎጂውን ትምህርት፣ ቀስ በቀስ የሚጨምር ጫናንና የአካል እንቅስቃሴን አስገብቷል።

ከዚህ ለውጥ የሚወሰደው ትምህርት በረዶ መርዝ ነው የሚል መሆን የለበትም። በረዶ ሕመምን ያስታግሳል፤ ለዚህ ዓላማ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ቢያዝ፣ በመጀመሪያው ቀን በየተወሰነ ሰዓት ቢደገምም ጉዳት የለውም። በረዶ በሌለበት ቦታ ቀዝቃዛ ውኃ የነከረ ፎጣ ያገለግላል። በቀጥታ ቆዳ ላይ ማድረግ ግን ቆዳውን ያቃጥላል። በፋሻ መጠቅለልም ቢሆን እብጠትን ለመደገፍ እንጂ ለማነቅ አይደለም፤ ጣቶች ከደነዘዙ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ቀለማቸው ከተለወጠ ፋሻው ወዲያው መፈታት አለበት።

ዋናው ስሕተት ያለው በመጀመሪያው ቃል አተረጓጎም ላይ ነው። ‹እረፍት› በተግባር ‹አትንቀሳቀስ› ተብሎ ተተረጎመ። በሳምንታት ውስጥ የጭንና የባት ጡንቻ ይመነምናል፤ መገጣጠሚያው ይደርቃል፤ የእግርን አቋም ለአንጎል የሚያሳውቀው የነርቭ ስሜትም ይዳከማል። ጅማቱ ቢጠገን እንኳ እግሩ ጎርባጣ መሬት ሲረግጥ ራሱን ማዳን ያቅተዋል። ለወለምታ በቂ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን የሚደርስ ጥበቃ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሕመሙ በሚፈቅደው መጠን መርገጥና ማንቀሳቀስ የሕክምናው አካል ነው።

«ስብራት የለውም» ማለት ምን ማለት ነው?

ቁርጭምጭሚቱ የታጠፈ ሁሉ ራጅ አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ1992 በካናዳ የወጣው የኦታዋ ደንብ ይህን ለመወሰን የሚጠይቀው ሁለት ጣትና አራት እርምጃ ብቻ ነው። በቁርጭምጭሚት አካባቢ ሕመም ያለው ሰው በውስጠኛው ወይም በውጫዊው የቁርጭምጭሚት ጉብታ ጫፍ ላይ፣ ወይም ከጫፉ እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በአጥንቱ የኋላ ጠርዝ ላይ ሲነካ የሚያመው ከሆነ ራጅ ይነሣል። በመካከለኛው የእግር ክፍል ሕመም ያለውም በአምስተኛው ሜታታርሳል አጥንት መነሻ ወይም በናቪኩላር አጥንት ላይ ሲነካ የሚያመው ከሆነ እንዲሁ ይደረግለታል። በሁለቱም ሁኔታ፣ ጉዳቱ በደረሰበት ጊዜና በምርመራ ጊዜ አራት እርምጃ መራመድ ያልቻለ ሰው ራጅ ያስፈልገዋል። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ የከበደ ስብራት የመኖሩ ዕድል እጅግ አነስተኛ ነው። በትናንሽ ልጆች፣ በሰከረ ወይም ራሱን በማያውቅ ሰው፣ የእግሩ ስሜት በደነዘዘበትና እብጠቱ ለዳሰሳ በማይመች ሰው ላይ ግን ደንቡን ብቻ ማመን አይገባም።

ደንቡ ራጅ በሌለበት ጤና ጣቢያ ለሚሠራ ነርስ ወይም ጤና መኮንን ትልቅ መሣሪያ ነው፤ ማን በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል መላክ እንዳለበት ይለይለታልና። ነገር ግን ደንቡም ሆነ ራጁ የሚመልሱት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ አጥንቱ ተሰብሯል ወይስ አልተሰበረም? ፊልሙ ጅማትን አያሳይም። «ስብራት የለውም» የተባለው ስፖርተኛ የሚሰማው ግን «ምንም የለህም» የሚለውን ነው። አሠልጣኙም እንዲሁ ይሰማል። በአንዳንድ ጥናቶች እንደታየው ቁርጭምጭሚታቸው ከታጠፈባቸው ሰዎች እስከ 40 ከመቶ የሚደርሱት ከወራት በኋላም መገጣጠሚያው እየከዳቸው ይቀራሉ። ብዙዎቹ በመጀመሪያው ቀን «ምንም የለህም» የተባሉ ናቸው።

በእጅ ብቻ የሚገኙ ሌሎች ከባድ ጉዳቶችም አሉ። ከኋላው በድንጋይ የተመታ መስሎት ዞሮ ያየና ማንንም ያላገኘ ሯጭ የአኪሊስ ጅማቱ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። በሆዱ አስተኝቶ ባቱን መጭመቅ በቂ ነው፤ የእግሩ መዳፍ ወደ ታች ካልተንቀሳቀሰ ጅማቱ ተበጥሷል። ሲዞር «ቋ» የሚል ድምፅ ሰምቶ ጉልበቱ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ያበጠ ተጫዋችም ራጁ ደኅና ቢሆንም የመስቀለኛ ጅማት መበጠስ እስኪረጋገጥ ወይም እስኪወገድ ድረስ ወደ ሜዳ መመለስ የለበትም።

መርፌውና ዋጋው

ከሁሉ ይልቅ ሂስ የሚገባው የመርፌ ልማድ ነው። ዲክሎፌናክ ሕመምን ያስታግሳል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ሆኖም አፉ ለሚውጥ ወጣት መድኃኒቱ በመርፌ የሚሰጥበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ የሕክምና ሳይሆን የልማድ ነው። የመቀመጫ መርፌ የሳያቲክ ነርቭን ሊጎዳና መግል ሊያስይዝ ይችላል። በድንገተኛ የወለምታና የጡንቻ ጉዳቶች ላይ የተደረጉ ንጽጽሮች እንደሚያመለክቱት ፓራሲታሞል ሕመምን በማስታገስ ረገድ ከፀረ ብግነት መድኃኒቶች ጋር እምብዛም ልዩነት የለውም፤ ጨጓራውንም አይጎዳም። ውኃ ጠምቶት ረጅም ርቀት የሮጠ ሰው ደግሞ ፀረ ብግነት መድኃኒት ሲወስድ ኩላሊቱ ለአደጋ ይጋለጣል።

የስቴሮይድ መርፌ በአኪሊስ ጅማት ውስጥ መስጠት ጅማቱን አዳክሞ ሊያስበጥሰው ስለሚችል መወገድ አለበት። ከዚህም ሌላ የዓለም ፀረ አበረታች መድኃኒቶች ድርጅት ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማንኛውንም የግሉኮኮርቲኮይድ መርፌ በውድድር ወቅት ከልክሏል። ይህን የማያውቅ ባለሙያ በቅንነት የሰጠው መርፌ የአንድን ሯጭ የሙያ ሕይወት ሊያሰናክል ይችላል። ሲፕሮፍሎክሳሲንን የመሳሰሉ ፀረ ተሕዋስያንም ጅማትን እንደሚያስበጥሱ የታወቀ በመሆኑ፣ ለስፖርተኛ ተቅማጥ ወይም የሽንት ኢንፌክሽን መድኃኒት ሲታዘዝ ሌላ ምርጫ ካለ እሱን ማስቀደም ይገባል።

ከሁሉ የከፋው ግን ተጫዋቹ ለዛሬው ግጥሚያ እንዲደርስ ሕመሙን በመርፌ ማደንዘዝ ነው። ሕመም የተጎዳው አካል ጠባቂ ነው፤ ጠባቂው ተወግዶ የሚደረግ ጨዋታ ከፊል መሰንጠቅን ወደ ሙሉ መበጠስ ሊያደርሰው ይችላል። ሕዝቡ የሚያስታውሰው ድሉን እንጂ ከድሉ በኋላ ያለውን አይደለም። ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ፖል ቴርጋትን በጥቂት ቀድሞ ወርቅ ሲወስድ የአኪሊስ ጅማቱ ታምሞ ነበር፤ ከዚያም ቀዶ ሕክምና አስፈልጎታል። ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2010 በደረሰበት የባት ጡንቻ ጉዳት ለረጅም ጊዜ ከውድድር ርቆ፣ በ2011 በብራስልስ የዓመቱን ፈጣን የ10,000 ሜትር ሰዓት አስመዝግቧል። ወጣቱ ስፖርተኛ ከመጀመሪያው ታሪክ ብቻ ሳይሆን ከሁለተኛውም ይማር ዘንድ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል።

የተዘለለው ምዕራፍ

ከሕመም መቆም በኋላ ያለው ሕክምና ውድ መሣሪያ አይፈልግም። ለቁርጭምጭሚት ወለምታ በመጀመሪያ እግርን ወደ ላይ፣ ወደ ታችና ወደ ጎን ማንቀሳቀስ ይበቃል፤ በአየር ላይ በአውራ ጣት ፊደላትን መጻፍ ለዚህ ይጠቅማል። ቀጥሎ ቆሞ ተረከዝን ማንሣት፣ በመጀመሪያ በሁለት ከዚያም በአንድ እግር ይደረጋል። ሦስተኛው በተጎዳው እግር ብቻ ቆሞ ሚዛንን መጠበቅ ነው፤ ይህም ዓይን ተገልጦ፣ ኋላም ተጨፍኖ ይሠራል። ጠዋት ጥርስ ሲፋቅ እንኳ ሊለማመዱት ይችላሉ። በመጨረሻ ዝላይ፣ ቀጥታ ሩጫ፣ ከዚያም እየተጣጠፉ መሮጥ ይከተላል። እያንዳንዱ ደረጃ የሚታለፈው ያለ ሕመምና ያለ አዲስ እብጠት ሲሠራ ነው። የጭን የኋላ ጡንቻ ጉዳትም ቀስ በቀስ እየተለጠጠ በሚሠራ የጥንካሬ ልምምድ ካልታከመ በሳምንታት ውስጥ የመመለስ ጠባይ አለው።

ወደ ሜዳ የመመለሻው ውሳኔ በቀን መቁጠሪያ ብቻ መመሥረት የለበትም። ሁለቱ እግሮች በጥንካሬ ሊቀራረቡ፣ በአንድ እግር ዝላይ ርቀታቸው ሊመሳሰል፣ ስፖርተኛውም በተጎዳው እግሩ ላይ እምነት ሊኖረው ይገባል። ጊዜም የራሱ ድርሻ አለው። የመስቀለኛ ጅማት ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው ስፖርተኞች ላይ በኖርዌይ የተካሄደ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳሳየው፣ እስከ ዘጠነኛው ወር ድረስ መመለሱ በአንድ ወር በዘገየ ቁጥር ጉልበቱ እንደገና የመጎዳቱ ዕድል በግማሽ ያህል ይቀንሳል።

ፊዚዮቴራፒስት በሌለበት ወረዳ ይህን ማን ይሠራዋል የሚል ጥያቄ መነሣቱ ተገቢ ነው። መልሱ ተጎጂውን ያየው ባለሙያ ራሱ ነው። እንቅስቃሴዎቹን ለማሳየት አምስት ደቂቃ፣ ለቀጠሮ አንድ መስመር ይበቃል። ያለ ቀጠሮ የተሰጠ ምክር ግን በበሩ ላይ ይቀራል።

መከላከልና የልማድ ኃይል

በመከላከል ረገድም የልማድና የማስረጃ መንገድ ይለያያሉ። ከጨዋታ በፊት ቆሞ ጡንቻን መሳብ እንደ ግዴታ ይታያል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ ጥናት 1,538 የአውስትራሊያ ምልምል ወታደሮች ተሳትፈው፣ ከልምምድ በፊት ጡንቻን መሳብ የእግር ጉዳትን በሚታይ መጠን አልቀነሰም። በአንጻሩ ‹ፊፋ 11+› የተባለው የማሟሟቂያ መርሐ ግብር ሩጫን፣ ጥንካሬን፣ ሚዛንንና ትክክለኛ የዝላይ አወራረድን በ20 ደቂቃ ውስጥ ያሠራል። በናይጄሪያ፣ ሌጎስ፣ በ416 ወጣት ተጫዋቾች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመው ውጤት ጠቅላላውን ጉዳት በ41 ከመቶ ቀንሷል። ከኳስና ከሜዳ በቀር ምንም አልጠየቀም። ተንበርክኮ፣ ቁርጭምጭሚትን ጓደኛ ይዞ፣ አካልን ቀጥ አድርጎ ቀስ እያሉ ወደ ፊት መውረድ የሚባለው የኖርዲክ ልምምድም የጭን የኋላ ጡንቻ ጉዳትን በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ ታይቷል። የቅልጥም መከላከያ ማድረግ፣ ከልምምድ በፊት ከሜዳው ላይ ድንጋይ መልቀምና ጉድጓድ መድፈን፣ የሩጫ ርቀትን ቀስ በቀስ መጨመርም በቸልታ የሚታለፉ አይደሉም።

በሴት ሯጮች ላይ ተደጋጋሚ የአጥንት ስንጥቅ ሲታይ ስለ ምግብና ስለ ወር አበባ መጠየቅ ግዴታ ነው። ከሚያወጡት ጉልበት ያነሰ የሚመገቡ ስፖርተኞች የወር አበባቸው ሊቋረጥ፣ አጥንታቸውም ሊሳሳ ይችላል። የወር አበባ መቅረቱን የጠንካራ ልምምድ ምልክት አድርጎ ማየት አደገኛ ስሕተት ነው። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ይህን የጉልበት እጥረት በስም ለይቶ፣ ወንዶችንም እንደሚያጠቃ አስታውቋል።

ቀላል ያልሆኑት

እስካሁን የተነገረው ጊዜ ለሚሰጡ ጉዳቶች ነው። ጊዜ የማይሰጡም አሉ፤ እነሱን መለየት ከማንኛውም የፋሻ ጥበብ ይቀድማል።

ማንም ሳይነካው በሜዳ ላይ የወደቀና የማይመልስ ተጫዋች ሌላ ምክንያት እስኪረጋገጥ ድረስ ልቡ እንደቆመ ይቆጠራል። ደረቱን ወዲያው መጫን መጀመርና የልብ ማስነሻ መሣሪያ ማስመጣት ያስፈልጋል። ካሜሩናዊው ማርክ ቪቪየን ፎዬ እ.ኤ.አ. በ2003 በሊዮን ሜዳ ላይ ወድቆ ሕይወቱ አለፈ። ዴንማርካዊው ክርስቲያን ኤሪክሰን እ.ኤ.አ. በ2021 በኮፐንሀገን ሲወድቅ ግን በቦታው ደረቱ ተጭኖ፣ በኤሌክትሪክ መሣሪያም ልቡ ተነሥቶ ተረፈ፤ በዓመቱም ወደ ጨዋታ ተመለሰ።

ጭንቅላቱን ተመትቶ የተደናገረ፣ ሚዛኑን የሳተ ወይም የሆነውን የማያስታውስ ተጫዋች ራሱን ባይስትም እንኳ በዚያው ቀን ወደ ጨዋታ አይመለስም። እ.ኤ.አ. በ2022 በአምስተርዳም የተደረሰበት ዓለም አቀፍ ስምምነትም ይህንኑ ያጸናል። ትውከት፣ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለትና የሚጥል ምልክት ካሉ ወደ ሆስፒታል ይላካል። በሙቀት ወድቆ የሚዘባርቅና አካሉ የሚያቃጥል ሯጭ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ ይጓጓዛል። እንዲሁም ከጉዳቱ መጠን በላይ የሚያም፣ ጣቶቹ በሌላ ሰው ሲዘረጉ የሚያስጮህ የቅልጥም ወይም የክንድ ሕመም ኮምፓርትመንት ሲንድረምን ያመለክታል። ፋሻውና ጄሶው ወዲያው ይፈታል፤ ሕመምተኛው በሰዓታት ውስጥ ቀዶ ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት። የደም ሥር ምት መኖሩ አያዘናጋም፤ ምቱ የሚጠፋው ከዘገየ በኋላ ነውና።

ማጠቃለያ

ከላይ የቀረበው ሂስ አዲስ ሕንፃም ሆነ አዲስ መሣሪያ አይጠይቅም። የሚጠይቀው በስፖርት ጉዳት ካርድ ላይ ሦስት መስመር መጨመርን ነው። ተጎጂው አራት እርምጃ ተራመደ? የትኛው እንቅስቃሴ ታየው? መቼ ይመለሳል? የመጀመሪያው መስመር ራጅ የሚያስፈልገውን ይለያል። ሁለተኛው ሕክምናው ከመርፌው በኋላ እንዲቀጥል ያደርጋል። ሦስተኛው ደግሞ ተጎጂው በአንድ እግሩ ቆሞና ዘልሎ የሚታይበትን ቀን ይወስናል። በቀጠሮው ቀን እግሩ ካልጸና ወደ ልምምዱ ይመለሳል፤ ከጸና ግን ያን ጊዜ ካርዱ ላይ «ድኗል» ተብሎ ይጻፋል።